በቬኒስ ድልድዮችን በአንድ ቀን እንዴት ማየት ይቻላል

ቬኒስ ውስጥ ከ400 በላይ ድልድዮች አሉ። ሁሉንም ላዳርስ የሚል ሰው ትርፉ ድካም ነው። እኔ ሰባት ይበቃሉ ባይ ነኝ። ቁም ነገሩ የት ቆሞ ማየት እንደሚሻል ማወቁ ላይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሻንጣችሁን ባቡር ጣቢያው ዕቃ ማስቀመጫ ተዉት። ከተማው ውስጥ መኪና የለም፣ ድልድዩ ደግሞ አብዛኛው ደረጃ ነው። የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባሉ አንዳንድ ቀናት ውሎ ለሚመለስ ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ስላለ ቀድማችሁ በኢንተርኔት አረጋግጡ።

ቀጥሎ፣ በማለዳ ከጣቢያው አቅራቢያ ካለው ፒያሳሌ ሮማ አደባባይ መስመር 1 ቫፖሬቶ ያዙ። ቫፖሬቶ የሕዝብ ጀልባ ነው፤ ታላቁን ቦይ ተከትሎ ይሄዳል። ወዲያው ከላያችሁ የካላትራቫ ድልድይ ይመጣል። በ2008 የተከፈተ የብረትና የመስታወት ሥራ ነው። ያምራል፣ ግን የመስታወቱ ደረጃ ብዙ ሰው አንሸራቶ ጥሏል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ ስካልሲ ይባላል፤ የ1934 ሥራ ነው። ሁለቱን ከጀልባው ላይ ማየት ይበቃል።

ሪያልቶ ላይ ውረዱ። እዚህ አትቸኩሉ። ሱቆቹ ሳይከፈቱና ሕዝቡ ሳይመጣ ከደረሳችሁ ድልድዩ የእናንተ ነው። ድሮ እዚህ የነበረው የእንጨት ድልድይ ነበር። በ1444 የሠርግ አጀብ ለማየት የወጣው ሕዝብ ከብዶት ተደረመሰ፤ በ1524 ደግሞ እንደገና ወደቀ። የአሁኑን የድንጋይ ድልድይ ከ1588 እስከ 1591 ያሠራው አንቶኒዮ ዳ ፖንቴ ነው። በአንድ ቅስት ብቻ እሻገራለሁ ሲል ይፈርሳል ያሉት ብዙ ነበሩ። ከሥሩ ጭቃው ውስጥ ወደ 12,000 የሚጠጋ ግንድ ተተክሎ ተሸክሞታል።

ወጥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ወደ ቦዩ ዳር ውረዱና ጎኑን እዩት። በአንደኛው ጎን ከቅስቱ ግራና ቀኝ መልአኩ ገብርኤልና እመቤታችን ተቀርጸዋል፣ መሃሉ ላይ ርግብ አለች። ብሥራቱ ነው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላም ነገር አለ። በ1402 አፄ ዳዊት የላኳቸው መልእክተኞች ነብር ሳይቀር ስጦታ ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። ያኔ እዚህ ቦታ ላይ የነበረው ያ የእንጨቱ ድልድይ ነው።

ከሪያልቶ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ከዶጁ (ከጥንቱ የቬኒስ መሪ) ቤተ መንግሥት ጎን፣ ውሃው ዳር ካለው የፓሊያ ድልድይ ላይ ቁሙና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ያ ነጭ፣ የተሸፈነ ድልድይ የእህህታ ድልድይ ነው። በ1600 አካባቢ የዳ ፖንቴ ዘመድ አንቶኒዮ ኮንቲኖ ሠራው። ቤተ መንግሥቱን ከእስር ቤቱ ያገናኛል። ከውጭ ፎቶ አንስቶ መሄድ ግማሹን ማየት ነው። የቤተ መንግሥቱን ትኬት ቆርጣችሁ በውስጡ እለፉ። መስኮቱ የተፈለፈለ ድንጋይ ነው፤ ውሃው በቀዳዳው ተቆራርጦ ነው የሚታየው። ስሙ ከየት እንደመጣ ያኔ ይገባችኋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ አካዳሚያ ድልድይ ሂዱ። በ1933 ለጊዜው ተብሎ በእንጨት ተሠራ፤ በ1985 በዚያው መልክ እንደገና ተሠርቶ ዛሬም አለ። ከላዩ ላይ የሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። ቀኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ደረጃው ላይ አትቀመጡ፣ ያስቀጣል።

ከዚያ ትንሽ እንደተጓዛችሁ የቡጢ ድልድይ፣ ፖንቴ ዴይ ፑኚ፣ ይገኛል። ላዩ ላይ አራት የእግር ዱካዎች በነጭ ድንጋይ ተቀርጸዋል። ካስቴላኒና ኒኮሎቲ የሚባሉ የሰፈር ወገኖች በዚያ ቆመው ይቧቀሱ ነበር። ድልድዩ መከታ ስላልነበረው የተሸነፈው ውሃ ውስጥ ይገባል። በ1705 ተከለከለ።

መከታ የሌለው ድልድይ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ከካ ሬዞኒኮ ማቆሚያ በዚያው መስመር 1 ጀልባ እስከ ካ ዶሮ ማቆሚያ ሂዱና ኪዮዶ ድልድይን ፈልጉ። እንደጥንቱ ጠርዙ ባዶ ነው። ማዶ ያለው የቤት በር ስለሆነ መሃል ድረስ ሄዳችሁ ተመለሱ።