ንቦች ደጃፍ ላይ ሲድሁ፦ ቫሮዋን ያለ ኬሚካል መቆጣጠር

ክንፋቸው የተጨማደደ ወጣት ንቦች በቀፎው ደጃፍ ሲድሁ ካዩ፣ የታሸጉ የእጭ ክፍሎችም እዚህም እዚያም ተበስተው ካገኙ፣ ቫሮዋ የተባለውን የንብ ተባይ ይጠርጥሩ። ከንብ ቅማል ጋር ግን አያምታቱት። ቅማሉ ስድስት እግር አለው፤ በንቧ ጀርባና ራስ ላይ ይሯሯጣል። ቫሮዋ ስምንት እግር ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ ቀይ ቡናማ፣ ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጥ ተባይ ነው፤ በንቧ ሆድ ሥር ይሸጎጣል።

ከመጨነቅ መቁጠር ይሻላል። እጭ ካለበት እንጀራ (ንቦች በሰም ከሚሠሩት ቤት) ግማሽ ኩባያ ያህል ንቦች፣ ማለትም ወደ 300 የሚጠጉ፣ ወንፊት ክዳን ባለው ማሰሮ ይውሰዱ፤ አውራዋ (እንቁላል ጣይዋ ንግሥት ንብ) አብራ እንዳትገባ ይጠንቀቁ። ሁለት ማንኪያ የላመ ስኳር ጨምረው ያንከባልሉ፣ ጥቂት ጠብቀው ነጭ ሳህን ላይ ያራግፉ። ከ9 በላይ ቫሮዋ ከወደቀ መንጋው አደጋ ላይ ነው። ንቦቹ በሕይወት ወደ ቀፎ ይመለሳሉ።

የችግሩ ሥር ያለው በታሸገው ክፍል ውስጥ ነው። ቫሮዋ የምትራባው እዚያ ብቻ ነው፤ እጩን እየመጠጠች ክንፍ የሚያበላሸውን ቫይረስ ታስተላልፋለች። ከሁሉ አብልጣ የምትመርጠው የድንጉላ (የወንድ ንብ) ክፍልን ነው፤ ከሠራተኛዋ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ታሽጎ ይቆያልና።

ስለዚህ ድንጉላውን ወጥመድ ያድርጉት። አበባ በበዛበት ወቅት ጫፉ ላይ ብቻ ሰም የተለጠፈበት ፍሬም (የእንጀራ መያዣ የእንጨት ክፈፍ) ከእጩ አጠገብ ያስገቡ፤ ንቦቹ የድንጉላ እንጀራ ይሠሩበታል። ሲታሸግ ቆርጠው ለዶሮ ይስጡ። ድንጉላ ከእንቁላል እስከ መውጣት 24 ቀን ይፈጅበታል፤ ከዚያ በፊት ካልቆረጡት ቫሮዋን እያረቡ ነው። ቀኑን ቀፎው ላይ ይጻፉ!

ቁጥሩ አሁንም ካልወረደ መንጋውን ይክፈሉ። አውራ የሌለው ክፍል የራሱን አውራ እስኪያሳድግና አዲሷ እንቁላል መጣል እስክትጀምር ሳምንታት ያልፋሉ፤ የቀድሞው እጭ በሙሉ ሲወጣ ቫሮዋ መራቢያ ታጣለች። ይህን በረሃብ ወቅት አያድርጉ፤ የመስከረምና የጥቅምት አበባ ይመረጣል። የእኛ ንቦች ሲረበሹ ቀፎ ጥለው ለመኮብለል ፈጣኖች ስለሆኑ ሥራው አንድ ጊዜ፣ በእርጋታ ይለቅ።

ቆጠራው ዝቅተኛ ሆኖ መንጋው ከመነመነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ለምሳሌ ማሩ ተሟጦ መቆረጡ። ለመክፈልም ሆነ አውራ ለማሳደግ ሁልጊዜ ቫሮዋ ያነሰበትን መንጋ ይምረጡ፤ ምንጩ ያልታወቀ መንጋ ግን ሳይቆጥሩ ወደ ንብ ግቢዎ አያስገቡ።