ባረጀ ዘለላ ውስጥ የጋለ ኮከብ ፍለጋ

ያረጀ የከዋክብት ዘለላ መቅላት አለበት። ሰማያዊዎቹ ግዙፎች ነዳጃቸውን ጨርሰው ከሞቱ ቆይተዋል። ኤንጂሲ 6791 የሚባለው ዘለላ ግን ወጣ ያለ ነው። ዕድሜው 8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሜታሉ (የዘርፉ ሰዎች ከሃይድሮጅንና ከሂልየም ውጭ ያለውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት) ከፀሐይ እጥፍ በላይ ነው። ያም ሆኖ ከ20,000 ኬልቪን በላይ የጋሉ ጥቂት ከዋክብት አሉበት። ፀሐይ 5,800 ገደማ ናት።

በቴሌስኮፕ አትድከሙ። ዘለላው ቬጋ የምትባለው ደማቅ ኮከብ ባለችበት ላይራ የተባለ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ማታ ማታ ከፍ ብሎ የሚወጣው በነሐሴ ነው፣ የነሐሴን ሰማይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ደመናው ቢገለጥም የምንፈልጋቸው ከዋክብት ድምቀት 17 እና 18 አካባቢ ስለሆነ (ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል) በትንሽ ቴሌስኮፕ አይታዩም። ላፕቶፕ ይበቃል።

ቶፕካት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። በሱ በኩል የከዋክብትን ቦታና እንቅስቃሴ የለካችው የጋያ ሳተላይት በ2022 የወጣውን ሦስተኛ ዳታ ጠይቁ፤ መሃሉ በሰማይ አድራሻ (ራይት አሰንሽንና ዴክሊኔሽን) 290.22 እና 37.77 ዲግሪ፣ ራዲየሱ 0.2 ዲግሪ ይሁን።

አሁን የዘለላውን ልጆች ከመንገደኛው ለዩ። ይሄ ነው ዋናው ሥራ። አብረው የተወለዱ አብረው ይጓዛሉ፤ የሁለቱን አቅጣጫ እንቅስቃሴ በግራፍ ስታወጡ −0.42 እና −2.27 ሚሊ አርክሰከንድ (እጅግ ትንሽ የማዕዘን መለኪያ) በዓመት ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነጥብ ታያላችሁ፣ እሱን በ0.4 ክብ ክበቡት። በፓራላክስ (ርቀት በሚለካበት ጥቃቅን የቦታ ለውጥ) ግን አታጥብቁ። ዘለላው 13,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፣ ለደብዛዛ ኮከብ የልኬቱ ስህተት ቀላል አይደለም። እኔ መጀመሪያ አጥብቄ ቆርጬ ሰማያዊዎቹን ራሴ ጣልኳቸውና "የታሉ?" እያልኩ አንድ ምሽት ሙሉ ተቀመጥኩ።

የቀሩትን ቀለማቸውን (ጋያ በሰማያዊና በቀይ የለካችው ድምቀት ልዩነት) በአግድም፣ ድምቀታቸውን በቁም አስቀምጡ (ቁሙን መገልበጥ አትርሱ)። ዋናው መስመር ወደ ቀኝ የሚታጠፍበትን ቦታ ያዙና በዚያው ከፍታ ወደ ግራ ጥግ ሂዱ፤ ቀለሙ ዜሮ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ብቸኛ ነጥብ ካለ ተጠርጣሪያችሁ እሱ ነው። ከመታጠፊያው በላይ መስመሩን የቀጠሉ የሚመስሉት ብሉ ስትራግለሮች (ከዘለላው ዕድሜ ወጣት የሚመስሉ ሰማያዊ ከዋክብት) ናቸው፣ እነሱን ተዉአቸው። ቀይ ጎረቤት አጠገቡ ከተጣበቀ ግን የጋያ ቀለም ይበላሻል፤ ፎቶውን አይታችሁ አረጋግጡ።

የምንፈልጋቸው የጋሉ ከዋክብት ካባቸው የተገፈፈ ቀይ ግዙፎች ናቸው፤ የቀረው ሂልየም የሚያነድ፣ የፀሐይን ግማሽ ያህል የሚመዝን እምብርት ነው። ማን ገፈፋቸው? አንዳንድ ተመራማሪ፣ ሜታል የበዛበት ኮከብ ካባውን ራሱ አብዝቶ ይተፋዋል ይላል። እኔ ወደ ጓደኛ ኮከብ አደላለሁ፤ ከእነዚሁ አንዱ፣ ቢ4 የሚባለው፣ በኬፕለር የጠፈር ቴሌስኮፕ ሲታይ 10 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከጓደኛው ጋር እንደሚዞር ተገኝቷል።

ከዚያ የተጠርጣሪያችሁን ቦታ ይዛችሁ የስዊፍት የጠፈር ቴሌስኮፕን የአልትራቫዮሌት ምስል ክፈቱ። እውነተኛው ቀያዮቹ በደበዘዙበት እዚያ ቦግ ብሎ ይጠብቃችኋል።