የተከራዩትን ፊልም ከኮምፒውተር ወደ ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ሲያመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊልሙን ላፕቶፕዎ ላይ ተከራይተዋል። ትልቁ ቴሌቪዥን ሳሎን ነው፤ ከሥሩ የልጆቹ ፕሌይስቴሽን ተቀምጧል። ቤተሰቡ ሶፋው ላይ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ፊልሙ አልከፈት ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ዋይፋዩን ነው የሚወቅሰው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከታች ካሉት በአንዱ ነው።

ፋይሉን ለመላክ መሞከር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ በዚህ ስንት ምሽት ይበላሻል። ኮምፒውተር ላይ ያለ ቪዲዮ በቤት ውስጥ ኔትወርክ ወደ ጌም ማጫወቻ የሚሄድበት ዘዴ አለ፤ ዲኤልኤንኤ ይባላል። ለራስዎ ቪዲዮ ግሩም ነው። የእህትዎን ሠርግ ወይም የልጅዎን ክርስትና በዚህ መንገድ ማየት ይችላሉ። ፕሌይስቴሽን 4 ለዚህ የራሱ ሚዲያ ፕሌየር አለው። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ፕሌክስ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ አፕ፣ ኤክስቦክስ ላይ ደግሞ ፕሌክስን ወይም ቪኤልሲ የሚባለውን ሌላ ማጫወቻ ይጫኑ።

የኪራይ ፊልም ግን ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ለምሳሌ ከአፕል ያወረዱት ፊልም ፌርፕሌይ በሚባል ቁልፍ የታሰረ ነው፤ የሚከፍተውም የአፕል ፕሮግራም ብቻ ነው። በዩኤስቢ ቢቀዱት፣ በኔትወርክ ቢልኩት፣ የፋይሉን ስም ቢቀይሩት ለውጥ የለውም። «ቁልፉን እንፈታለን» የሚሉ ፕሮግራሞችን ደግሞ በፍጹም አያውርዱ። ቫይረስ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። አሜሪካ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ያለውን ቁልፍ መስበር ይከለክላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የተከራዩበትን አገልግሎት አፕ ጌም ማጫወቻው ላይ ይጫኑ። አፕል ቲቪ፣ ፕራይም ቪዲዮና ዩቲዩብ ፕሌይስቴሽንም ኤክስቦክስም ላይ አሉ። በተከራዩበት አካውንት ሲገቡ ፊልሙን እዚያው ያገኙታል። ኮምፒውተሩን ማጥፋት ይችላሉ፤ ፊልሙ የሚመጣው በቀጥታ ከኢንተርኔት ነው። ፓስወርድዎን በጌም መቆጣጠሪያ አንድ በአንድ እየለቀሙ ለመጻፍም አይድከሙ። ቴሌቪዥኑ ላይ የመግቢያ ኮድ ከመጣልዎ ስልክዎ ላይ ያስገቡት፤ በቃ።

በሌላ አካውንት መግባት

ጌም ማጫወቻው የልጆቹ ስለሆነ ዩቲዩቡ የተከፈተውም በልጁ አካውንት ነው። እርስዎ ደግሞ በራስዎ ጂሜይል ነው የተከራዩት። አፑ ዋጋውን እንደገና ያሳይዎታል። ሰው እዚህ ጋ ደንገጥ ይልና ሁለተኛ ይከፍላል። አይክፈሉ! መጀመሪያ ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን የፕሮፋይል ምስል ይዩ፤ የማን ናት? በራስዎ ሲገቡ ፊልሙ የተከራዩት መሆኑ ይታያል።

«እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ፕሌይ መጫን

ይሄ ንጹህ ገንዘብ ማባከን ነው። አሜሪካ ውስጥ በአፕል፣ በፕራይም ቪዲዮ ወይም በዩቲዩብ የተከራዩት ፊልም በአብዛኛው 30 ቀን ይቆይልዎታል። ፕሌይ ከጫኑ በኋላ ግን ያለዎት 48 ሰዓት ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ፕሌይ ሲጫኑ ነው፤ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ቢያዩትም ያው ነው። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለሙከራ ከጫኑት ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያበቃል። እንግዶቹ እራት በልተው፣ ቡና ጠጥተው 3 ሰዓት ላይ ፊልም ሲባል ጊዜው አልፏል። መሞከር ከፈለጉ የፊልሙን ማስታወቂያ ወይም አንድ ነጻ ቪዲዮ ይክፈቱ። ድምፁ፣ ምስሉ፣ ኢንተርኔቱ በዚያው ይፈተሻል። የጊዜው ገደብ እንደ አገሩና እንደ አገልግሎቱ ስለሚለያይ ሲከራዩ የተጻፈውን ያንብቡ።

ላፕቶፑን በኬብል ከፕሌይስቴሽኑ ጋር ማገናኘት

የፕሌይስቴሽን ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ምስል ያወጣል እንጂ አያስገባም። ኬብሉ ልክ ስለሚገጥም ብቻ ነው ሰው የሚሳሳተው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤክስቦክስ ዋን ማስገቢያም ነበረው፤ በኋላ በወጡት ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ሲሪስ ኤስ ላይ ግን ቀርቷል። ኬብል ካለዎት ላፕቶፑን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩት። ምንም ነውር የለውም፤ አንዳንዴ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። የኮምፒውተሩን ስክሪን በገመድ አልባ ወደ ኤክስቦክስ ማንጸባረቅ ግን ለኪራይ ፊልም አይታመንም። ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል።

ኤችዲሲፒን አጥፍቶ መርሳት

ጌም እየቀዱ ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑ ልጆች አንዳንዴ ኤችዲሲፒ የሚባለውን የቅጂ መከላከያ ያጠፉታል። እሱ ሲጠፋ የፊልም አፖች አይሠሩም። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ኤችዲኤምአይ ውስጥ ገብተው ያብሩት።

ለፊልም ብሎ የፕሌይስቴሽን የስጦታ ካርድ መግዛት

ፕሌይስቴሽን ስቶር ፊልም ማከራየትም መሸጥም ያቆመው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2021 ነው። የኤክስቦክስ ባለቤት ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አዲስ ፊልም መሸጥና ማከራየት አቁሟል። በካርዱ ጌም ይገዙበት ይሆናል፤ ፊልም ግን አይከራዩበትም።

ራውተሩን መርሳት

ለሙሉ ኤችዲ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይበቃል፤ ለ4ኬ ከ15 በላይ ያስፈልጋል። ማጫወቻው ከራውተሩ አጠገብ ከሆነ በኔትወርክ ኬብል ያገናኙት። በፊልሙ ሰዓት ሌላ ጌም እየወረደ እንዳይሆንም ይመልከቱ፤ አንድ ጌም ብቻውን ኢንተርኔቱን ጠቅልሎ ይወስደዋል።

አገር ቤት ሊሄዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የኪራይ ፊልም በአብዛኛው በተከራዩበት አገር የተገደበ ነው። ከዲሲ ተከራይተው አዲስ አበባ ላይ ላይከፈት ይችላል። ከመብረርዎ በፊት አይተው ይጨርሱት።