ጌጥ እየሠራችሁ ለምትሸጡ

የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት ሐብል ወይም ቀለበት በእጃችሁ እየሠራችሁ የምትሸጡ ካላችሁ፣ አንዲት ትንሽ ደብተር ያዙ። ከእናንተ የገዛውን ሰው ስም፣ የጣቱን ልክ፣ ብር ይሁን ወርቅማ እንደሚወድ፣ ለማን እንደገዛ ጻፉ። ኒኬል የሚባለው ብረት ቆዳውን ያሳክከው እንደሆነም ጠይቁ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ ነው።

አንዲት ደንበኛ ከገዛቻችሁ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ «መቆለፊያው አላስቸገረሽም?» ብላችሁ መልእክት ላኩላት። እዚያው ላይ አዲስ ዕቃ እንዳታስተዋውቁ፣ አደራ! ከላላ በነፃ አጥብቁላት። ሽቦ ማጥበቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እሷ ግን ለጓደኞቿ የምታወራው ያንን ነው።

ከልብስ ሰፊዎች፣ ከፀጉር ሠሪዎችና ከፎቶ አንሺዎች ጋርም ተዋወቁ፤ ሙሽራ ከእናንተ በፊት የምታገኘው እነሱን ነው። «ደንበኛ ላኩልኝ» ብሎ መጀመር ግን አያምርም። እኔ ብሆን ቀድሜ ደንበኛ እልክላቸዋለሁ፣ ወይም ለፎቶ የሚሆን ጌጥ አውሳቸዋለሁ።

ሌላውን ጌጥ ሠሪ ደግሞ እንደ ባላንጣ አትዩት። እናንተ ዶቃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ፣ የብር ቀለበት ፈላጊውን ወደ እሱ ምሩ። ትእዛዝ ልታስረክቡ ስትሉ የጆሮ ጌጥ መንጠቆ ቢያልቅባችሁ የሚያበድራችሁ እሱ ነው።