ቤት ስትቀይሩ ብሎኖቹን የት አደረጋችኋቸው?

ባለፈው ቤት ስቀይር አልጋውን ራሴ ነው የፈታሁት። ብሎኖቹን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ጨመርኳቸው። ሲሞቀኝ ጃኬቱን አወለቅኩና ወንበር ላይ ጣል አደረግኩት። አንዱ ሊያግዘኝ ብሎ አንስቶ ካርቶን ውስጥ ከተተው። የትኛው ካርቶን? ሃያ ሰባት ካርቶን ነበር፤ ግማሹ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት ደግሞ ራሴ ነኝ። ያን ሌሊት ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፌ ተኛሁ፤ ብሎኖቹ የተገኙት በአራተኛው ቀን ነው።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ቤት መቀየር የሚያደክመው ሸክሙ አይደለም። ሸክሙን ለጫኞች ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። ልብ የሚያወልቀው «ይሄ የት ይግባ?»፣ «ይሄስ ይጣል?»፣ «የዚህ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» የሚል ጥያቄ በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ሲመጣባችሁ ነው። ስለዚህ ከዕለቱ በፊት ጥያቄውን ሁሉ መልሳችሁ ጨርሱት። መኪናው በር ላይ ቆሞ ምንም ነገር መወሰን የለባችሁም።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ካርቶን ከመፈለጋችሁ በፊት አዲሱ ቤት ሂዱ። የፍሪጁን፣ የሶፋውንና የቁምሳጥኑን ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት ጽፋችሁ ያዙ። ከዚያ የበሩን ወርድ ለኩ። ብዙ ሰው በሩን ለክቶ ደረጃውን ይረሳል፤ ረጅም ሶፋ ብዙ ጊዜ የሚቀረቀረው ደረጃው ሲታጠፍ ወይ ኮሪደሩ ሲጠማዘዝ ነው። ሊፍት ካለ የሊፍቱን በርም፣ የውስጡን ቁመትም ለኩ። የማይገባ ነገር ካለ አሁን ማወቁ ይሻላል፣ ወይ ይፈታል፣ ወይ ይሸጣል።

እግረ መንገዳችሁን የስልክ ቻርጀር ይዛችሁ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። ቧንቧዎቹን ክፈቱ፣ የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁት፣ መስኮቶቹ ይዘጉ እንደሆነ እዩ። ብልሽት ካለ ዕቃ ሳይገባ ማሠራት ይቀላል። ጽዳቱም ቀለሙም እንደዚሁ፤ ቡፌ ከቆመ በኋላ ከጀርባው የሚወለውል ሰው አላየሁም። የበሩን ቁልፍ ማስቀየሩንም አትርሱ፣ ከእናንተ በፊት የነበሩት ለስንት ሰው ትርፍ ቁልፍ እንደሰጡ አይታወቅም።

በመጨረሻ የቤቱን ንድፍ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጉ። ማማር የለበትም። አልጋው እዚህ፣ ፍሪጁ እዚያ፣ ቴሌቪዥኑ በዚህ ግድግዳ፣ በቃ። በዕለቱ ወረቀቱን በሩ ላይ ትለጥፉታላችሁ፤ ጫኞቹም በየደቂቃው እናንተን አይጠሩም።

የማይሄደውን ለዩ

ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሩ። መነሻው ዕቃ ቤቱና ከቁምሳጥን በላይ የተቆለለው ይሁን። እዚያ ያለውን በየቀኑ ስለማትነኩት ቀድሞ ቢታሸግም አያስቸግራችሁም። ፎቶና የድሮ ደብዳቤ ግን በመጨረሻ። አንድ አልበም የከፈተ ሰው የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አይሠራም።

«አንድ ቀን ይጠቅመኛል» የምትለዋ ነገር አደገኛ ናት። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ይሄ ዕቃ ዛሬ ባይኖረኝ ከፍዬ አስጭኜ አመጣው ነበር ወይ? ካልሆነ ይሰጣል ወይ ይሸጣል። በሐሳብ መስጠት ግን መስጠት አይደለም። «ለእገሌ» ያላችሁትን ነገር በዚያው ሳምንት ከቤት አስወጡት፣ አለበለዚያ አብሯችሁ ይሄዳል።

ማሸግ

ከባድ ነገር በትንሽ ካርቶን፣ ቀላል ነገር በትልቅ ካርቶን። መጽሐፍ በትልቅ ካርቶን የሞላ ሰው ሁለት ሆኖ ሲያነሳው የካርቶኑ ቂጥ ተቀድዶ መጽሐፉ ደረጃ ላይ ይዘረገፋል። አንድ ሰው ብቻውን ማንሳት ከከበደው ቀንሱለት። ከሥር ፕላስተሩን ደርቡት፣ በመስቀለኛም ጨምሩበት።

ሳህን ተደራርቦ ሳይሆን ጎን ለጎን ቆሞ ይታሸግ። ሲደራረብ ከሥር ያለው የሁሉንም ክብደት ይሸከማል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ እሱ ይሰነጠቃል። በየመሃሉ ወረቀት አድርጉ፣ ከሥርና ከላይ ደግሞ ፎጣ። ፎጣ፣ አንሶላ፣ ሹራብ ለማንኛውም መሄዳቸው አይቀርም፣ ስለዚህ ሥራ ስጧቸው። ካርቶኑን ስትነቀንቁት የሚንኳኳ ነገር ካለ ገና አልሞላም ማለት ነው።

የምትጽፉት በጎኑ ነው። ከላይ ከጻፋችሁ ሌላ ሲደረብበት ይሸፈናል። ቁጥርና ክፍል ብቻ በቂ ነው፦ «14፣ ኩሽና»። ዝርዝሩን ደብተር ላይ ወይ ስልካችሁ ላይ ያዙ፦ 14፣ ድስቶች፣ ወንፊት፣ ትልቁ ማንኪያ። ሁለት ጥቅም አለው። የትኛው ካርቶን ምን እንደያዘ ማንም አላፊ አግዳሚ አያውቅም፤ ስታራግፉ ደግሞ 27 ጭናችሁ 26 ከደረሰ ወዲያው ታውቃላችሁ። «ልዩ ልዩ» የሚባል ቃል ግን እንዳይጻፍ!

አሁን ወደ ብሎኖቹ። ማንኛውም ነገር ሲፈታ ብሎኑ በትንሽ ፌስታል ይታሰርና ከዚያው ከተፈታው ዕቃ ጋር በፕላስተር ይጣበቅ። የአልጋው ከአልጋው እግር ጋር፣ የጠረጴዛው ከጠረጴዛው ሆድ ጋር። ፕላስተሩ የእንጨቱን ቀለም እንዳይልጠው በማይታየው በኩል ይሁን። ከመፍታታችሁ በፊት መጋጠሚያዎቹን ፎቶ አንሱ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን የገመድ ጫካም እንደዚሁ፣ የትኛው የት ይሰካ እንደነበር ማንም አያስታውስም። ካቻቢቴውና ፒንሳው ግን አይታሸጉም፣ ከእናንተ ጋር ይሆናሉ።

ኩርፊያ የሚያውቁ ዕቃዎች

ፍሪጁን ከአንድ ቀን በፊት ባዶ አድርጋችሁ ንቀሉት። በረዶው ይቅለጥ፣ ውሃውን ጥረጉት፣ በሩንም እንዳይሸት ትንሽ ገርበብ አድርጋችሁ አሳድሩት። ሲጓዝ ቆሞ ነው። ከተጋደመ ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈሳል፣ እንደዚያ ሆኖ ወዲያው ከተሰካ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። የግድ ከተጋደመ አዲሱ ቤት ውስጥ አቁማችሁ ብዙ ሰዓት ጠብቁት፤ ረጅም መንገድ ተጋድሞ ከመጣ አንድ ቀን ሙሉ ቢያርፍ ይመረጣል። ቆሞ ቢመጣም ጥቂት ሰዓት ታገሱት።

ከፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ከጀርባው ረጃጅም ብሎኖች ይኖሩታል። ውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል በጉዞ ላይ እንዳይንገጫገጭ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ማሽኑ ሲተከል ወጥተው የተቀመጡ ካሉ መልሳችሁ ግጠሟቸው፤ አዲሱ ቤት ሲደርስ ደግሞ ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት አውጧቸው። ይሄን ረስቶ ያስነሳው ሰው ማሽኑ ክፍሉን አቋርጦ ሲሄድበት ያያል። በውሃ ጎማው ውስጥ የቀረውን ውሃም አስቀድማችሁ አፍስሱት።

ቴሌቪዥንና መስታወት ቆመው ይሄዳሉ፣ በሁለት ፍራሽ መሃል ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። የጋዝ ሲሊንደር ካላችሁ አጥብቃችሁ ዝጉት፣ ሬጉላተሩን ንቀሉት፣ አቁማችሁም አየር በሚገባበት ቦታ ይጫን። ሰው በተቀመጠበት የተዘጋ መኪና ውስጥ አይሁን። መልሳችሁ ስትገጥሙት መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡት፣ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው።

ከጫኞቹ ጋር

«ዕቃው ትንሽ ነው» ብላችሁ አትዋዋሉ። ሄዶ የሚያይ ሰው ይምጣ፣ ካልሆነ የየክፍሉን ፎቶ ላኩ። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ሊፍት መኖሩን፣ መኪናው እስከ በር መድረሱን ቀድማችሁ ንገሩ፤ ዋጋው መሃል ላይ የሚጨምረው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ነው። ማውረድና ማስገባት ይጨምራል ወይ? መፍታትና መግጠምስ? የተሰበረ ነገር ቢኖር ማን ይከፍላል? በጽሑፍ ይሁን፣ የስልክ መልእክትም ቢሆን ይበቃል። ሙሉ ክፍያው ካርቶኖቹ ተቆጥረው ካለቁ በኋላ ነው።

በዕለቱ

አንድ ሰው አሮጌው ቤት፣ አንድ ሰው አዲሱ ቤት ይቁም። ልጆችን የምትተዉበት ዘመድ ካለ በጣም ጥሩ። ድመት ወይ ውሻ ካላችሁ ቀድሞ በተራገፈ ክፍል ዘግታችሁ «አይከፈት» ብላችሁ በሩ ላይ ጻፉ፣ ያን ቀን በሩ ሁሉ ክፍት ነውና።

ከባዱ ነገር መጀመሪያ ይጫናል፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ከሥር። ክብደቱ በግራና በቀኝ ይመጣጠን። የምትሰበር ነገር ከላይ ትሁን፣ ሁሉም በገመድ ይታሰር። እናንተም ስታነሱ ወገባችሁን አጉብጣችሁ ሳይሆን ቁጢጥ ብላችሁ፣ ዕቃውን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ አንሱ።

መኪናው ላይ የማይወጣ አንድ ሻንጣ ይኑራችሁ። ሰነዶች፣ ወርቅ፣ መድኃኒት፣ ቻርጀር፣ የአንድ ቀን ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ አንሶላ፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ አምፖል፣ መቀስ። መቀሱን እንዳትንቁት፣ አለዚያ ካርቶኑን ሁሉ በጥርስ ልትከፍቱ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ባዶውን ቤት ዙሩ፦ ከበር ጀርባ፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ምድጃው ውስጥ። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን፣ የግድግዳውንና የወለሉን ሁኔታ ፎቶ አንሱ። ያስያዛችሁት ገንዘብ ካለ ክርክሩን የሚፈታላችሁ ያ ፎቶ ነው።

አዲሱ ቤት መጀመሪያ የሚገጠመው አልጋ ነው። ሶፋም አይደለም፣ ቴሌቪዥንም አይደለም። አልጋው ተገጥሞ አንሶላ ከተነጠፈ ሌላው ሲያታክታችሁ ጋደም ማለት ትችላላችሁ። ቀጥሎ መታጠቢያ ቤቱ፣ ከዚያ ኩሽናው፣ የቀረው በየቀኑ ሁለት ሁለት ካርቶን።

ባዶ ካርቶኖቹን ግን ወዲያው አትጣሉ። ደብተሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ እስኪሰረዙ አቆዩዋቸው፣ ወረቀቱንም አንድ በአንድ እየዘረጋችሁ እዩት። እኔ ባዶ ነው ብዬ ልጥለው የነበረ ካርቶን ሥር፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ነበር።