ጌም ስንመድብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ያሉ ጌም ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ ኳስ፣ መኪና፣ ድብድብ፣ አክሽን። ፊፋ ሊጫወት ለመጣ ሰው ይበቃል (ከ2023 ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፤ ግን ማን ሰምቶ)። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ልጅ አንድ ጌም ጨርሶ "እንደዚህ ዓይነት ሌላ አለ?" ያለ ቀን ነው። ምድብ የሚጠቅመው ለዚህ ጥያቄ ነውና ስህተቶቹንም በዚሁ እንመዝናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

በጉዳዩ መመደብ፦ ዋናው ጥፋት ይሄ ነው። ፊፋም ፉትቦል ማናጀርም ኳስ ናቸው። በፊፋ ጣትህ ይሮጣል፤ በማናጀር ግን ተጫዋች ትገዛለህ፣ ትሸጣለህ፣ አሰላለፍ ታወጣለህ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ፊፋ የለመደውን ልጅ ማናጀር ክፈትለት፣ ወዲያው "ብሬን መልስ" ይልሃል። በ2015 የወጣው ሮኬት ሊግ ደግሞ በመኪና ጎል የሚገባበት ነው፤ "መኪና" ሥር ብታገኘው የእሽቅድድሙ ኒድ ፎር ስፒድ ወዳዱ ያኮርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማየት ያለብህ ተጫዋቹ አብዛኛውን ሰዓት ምን ሲሠራ እንደሚቆይ ነው።

በካሜራው መመደብ፦ የተኩሱ ዱም (1993) እና ፖርታል (2007) ሁለቱም በተጫዋቹ ዓይን የሚታዩ ናቸው፣ በሁለቱም እጅህ ላይ መሣሪያ አለ። የፖርታሉ መሣሪያ ግን ጥይት አይተፋም፤ ግድግዳ ላይ መግቢያና መውጫ ይከፍታል። እንቆቅልሽ ነው እንጂ ተኩስ አይደለም።

"የሞባይል ጌም" የሚባል ምድብም የለም። ፐብጂ በ2017 ኮምፒውተር ላይ ወጣ፣ በ2018 ስልክ ላይ ገባ፤ እዚያም እዚህም አንድ እስኪቀር መጋደል ነው።

"አክሽን" ማለት ቦታ ያጣ ሁሉ የሚጣልበት ጆንያ ሆኗል። ጎድ ኦፍ ዋር (ከጭራቅ ጋር የሚፋለሙበት) እና ጂቲኤ (ከተማ ውስጥ እንደልብ የሚዞሩበት) እዚያ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ስለሌላው ምንም አይነግርህም።

ምድብን አንዴ ዘግቶ መተውም አያዋጣም። ዶታ የተወለደው ከዋርክራፍት 3 ነው፤ ዋርክራፍት ጦር በሙሉ የሚታዘዝበት የስትራቴጂ ጌም ሲሆን ዶታ አንድ ጀግና ብቻ ሰጥቶህ ቡድን ውስጥ ይከትሃል። ከዚያ በ2009 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ተከተለና ይሄ አጨዋወት ራሱን የቻለ ዓይነት ሆነ።

የጂቲኤው ሳን አንድሪያስስ? መንዳቱም፣ ተኩሱም፣ ጂም መሥራቱም አለበት። ሁለት ሦስት ቦታ ጻፈው፤ ወረቀቱ ያንተው ነው።