የምራቅ ዕጢ ከወጣ በኋላ፦ ቱቦውን መያዝ፣ እብጠቱን መለየት

ከጆሮ ወይም ከመንጋጋ ሥር የምራቅ ዕጢ የወጣለት ሰው ብዙ ጊዜ አንገቱ ላይ ቀጭን ቱቦ ይደረግለታል። ጫፉ ላይ የላስቲክ ኳስ አለች። ስትጨመቅና ስትዘጋ ከቁስሉ ደምና ውሃ ትስባለች። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው በአንድ ሁለት ቀን ይወጣል፤ አንዳንዱ ግን ይዞት ቤቱ ይገባል።

ኳሷ ካልተጨመቀች አትስብም፤ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ግማሽ ሳትሞላ ድፏት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ (ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ለዚህ ብቻ የሚሆን ጄሪካን ይቀመጥ)፣ ክዳኗን ክፈቱ፣ ፈሳሹን መለኪያ ላይ ገልብጡ፣ የክዳኗን ውስጥ በጣት ሳትነኩ ኳሷን ጥብቅ አድርጋችሁ ጨምቁና እንደተጨመቀች ዝጉ። መጠኑን፣ ቀለሙንና ሰዓቱን ጻፉ። ሰዓቱ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አብሮ ይጻፍ፤ «8 ሰዓት» ብቻ ከተባለ ሐኪሙ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በምን ያውቃል? ብዙ ሐኪሞች ቱቦውን የሚያወጡት የ24 ሰዓቱ ፈሳሽ ከ20 ወይም ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ስለሆነ ያቺን ወረቀት እንዳትጥሏት።

ኳሷን ከቁስሉ ዝቅ አድርጋችሁ በመርፌ ቁልፍ ልብሳችሁ ላይ አያይዟት። ለቀጠሮ ስትሄዱ የፒያሳና የሜክሲኮ የታክሲ ግፊያ ቱቦውን ሊጎትተው ይችላል፤ ከተቻለ ኮንትራት ያዙ።

ቀለሙ ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ሲሄድ ደህና ነው። ድንገት ደማቅ ደም ከመጣ ወይም አንገቱ በፍጥነት አብጦ ከተወጠረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መቅላት፣ ትኩሳትና መግል ካለም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው ግን በሌላኛው እብጠት ነው፤ ምግብ ሲበላ የሚጨምረው፣ ወይም ከቁስሉ ጠርቶ እንደ ውሃ የሚወርደው። ይሄ ምራቅ ነው። የጆሮ ሥሩ ዕጢ በከፊል ሲወጣ የቀረው ክፍል ሥራውን ስለማያቆም ምራቁ ቆዳ ሥር ይጠራቀማል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይዘጋል፤ ሐኪሙ በመርፌ ስቦ ጠበቅ አድርጎ ሊያስረው ይችላል። ቤት ውስጥ ግን በፍጹም አትውጉት፣ አትጭመቁት። እስኪዘጋ ምራቅ የሚያመጣውን ቀንሱ፤ ሎሚ፣ አዋዜ፣ ማስቲካ፣ ጠያቂ በፌስታል ይዞት የሚመጣው ብርቱካን ሁሉ ይቆይ፣ እንጀራውም ስለሚኮመጥጥ ለጥቂት ቀን ቂንጬና አጥሚት ይሻላል። ጠያቂው አይቀየምም፣ ሙዝ ያምጣ በሉት።

ቱቦው ሾልኮ ቢወጣ መልሳችሁ አትክተቱት። በንጹሕ ጎዝ ሸፍኑና ቀዶ ጥገናውን ወደሠራው ሐኪም ደውሉ።